ወፈረች ያልናት ልጅ

መንዝ ውስጥ የወፈረ ልጅ ብርቅ ነው። ልጆቻችን ንፋሱ ጉንጫቸውን እየሰነጣጠቀው፣ ብርዱ የበሉትን ሁሉ ከላያቸው ላይ እየገፈፈው ነው የሚያድጉት። ስለዚህ ትልቋ ልጄ ሰባት ዓመት በሞላት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ፊቷ ክብ እያለ ሲመጣ የደነገጠ ሰው አልነበረም። ደስ ነው ያለን። ጾሙን በሙሉ ሽሮ ስትበላ ከርማ እንቁላልና ወተት ስላገኘች ነው አልን። መሐል ሜዳ ገበያ ይዣት ስወጣ ሴቶቹ አገጯን ይዘው እያገላበጡ ያዩዋታል፤ "ምን ብታበያት ነው?" ይሉኛል። እኔም የተለየ ሙያ ያለኝ ይመስል ፈገግ እላለሁ። ባሌ ግሼ ስለሚሠራ ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። በመጣ ቁጥር ያነሳትና "ከበደችኝ" ብሎ ይስቃል።

ጠዋት ስትነሳ የዓይኗ ቆብ አብጦ አልገለጥ ማለት ሲጀምር ደግሞ ምች አልነው። ዘመሮ አጠገብ ገጠር የሚኖሩት አማቴ ዳማከሴ አሽቼ እንድቀባት በስልክ ነገሩኝ፤ ቀባኋት። አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ የዓይን ጠብታ ሰጡን፤ እሱንም አደረግኩላት። ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ይከፈታል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ እኛም ዳማከሴውን ወይም ጠብታውን እናመሰግናለን። ቀን ቀን ወደ እግሯ የሚወርድ፣ ተኝታ ስታድር ደግሞ ወደ ፊቷ የሚመለስ ውኃ እንደሆነ የገባን በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ገላዋን ሳጥባት ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። እጄን ሳነሳ የጣቴ ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ሌላ ቦታ ተጫንኩ፤ እሱም ጎደጎደ። የካልሲዋ ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የሠራው መስመር ጥልቅ ነበር። ልጅቷ ቁልቁል እያየች "ሳያመኝ ጎደጎደ" ብላ ሳቀችና በሌላኛው እግሯ ላይ በራሷ ጣት መጫወት ጀመረች። እኔ አልሳቅኩም፤ አላለቀስኩምም። ፎጣ አንስቼ አደረቅኳት፣ ልብሷን አለበስኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነው የኖርኩት፤ እጄ የሚሠራውን ይሠራል፣ እኔ ግን ከእጄ ጋር አልነበርኩም።

የከተማችን ሆስፒታል ሽንቷን መርምሮ ወደ ደብረ ብርሃን ላከን፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ የሕፃናት ኩላሊት ሐኪም ወዳለበት አዲስ አበባ። ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሚኒባሱ ቀስ እያለ ሲያዘግም፣ አጠገባችን የተቀመጡ ሴትዮ ልጄን አየት አደረጓትና "ይቺ የመንዝ ልጅ አትመስልም፣ ደንዳና ናት። ምን ሆና ነው ሐኪም ቤት የምትሄደው?" አሉኝ። "ኩላሊቷን ነው" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ አላናገሩኝም። አልከፋኝም፤ እንዲያውም ዝምታው ተስማምቶኝ ነበር።

አዲስ አበባ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ሁሉ ፊታቸው ክብ ነው። አንዱ ከሐረር፣ አንዱ ከጎንደር፣ አንዷ ከወለጋ የመጣች ናት፤ ሁሉም ግን የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። የኔዋ አንድ በአንድ እያየቻቸው "እማዬ፣ ሁላችንም ወፍራም ነን" አለችኝ። ከወፈረች ወዲህ ብርቅ መሆኗ ቀርቶ ከመሰሎቿ ጋር የተቀመጠችው ያን ቀን ነው።

ሐኪሟ በዕድሜ ከኔ የማትበልጥ ሴት ናት። ድምጿ ቀኑን ሙሉ ስታስረዳ የዋለች ሰው ድምፅ ነው፤ ነገር ግን አትቸኩልም።

"እናቷ፣ ወንፊት ታውቂያለሽ አይደል?" አለችኝ።

የመንዝ ሴት ወንፊት ታውቂያለሽ ወይ ስትባል ምን ትላለች። "አዎ" አልኩ።

"ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው። ቆሻሻውን ያሳልፋል፣ ሰውነት የሚፈልገውን ፕሮቲን ያስቀራል። የሷ ወንፊት ቀዳዳው ሰፍቶ ፕሮቲኑ በሽንቷ እየሄደ ነው። እሱ ሲያንስ ውኃው ከደም ሥሯ እየወጣ ሰውነቷ ውስጥ ይጠራቀማል። ያየሽው ውፍረት አይደለም። ውኃ ነው።"

"ትድናለች?"

"ብዙዎቹ ልጆች በዚህ መድኃኒት ይመለሳሉ። ከተመለሱ በኋላም ያገረሽባቸዋል፣ እንደገና እንመልሳቸዋለን፤ ሲያድጉ የሚተዋቸው ብዙ ናቸው። መድኃኒቱን እንቢ የሚል ልጅም አለ። እንቢ ካለ ኩላሊቱ ቀስ በቀስ እየደከመ ሊሄድ ይችላል። የሷ የትኛው እንደሆነ ዛሬ አላውቅም። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።"

"እሺ" አልኩ። ገበያ ላይ የሽንኩርት ዋጋ እንደተነገረኝ ያህል ነው "እሺ" ያልኩት። ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ፤ የምትጠብቀው ሌላ ነገር ይመስለኛል። እኔም ከራሴ እየጠበቅኩ ነበር። አልመጣም።

ከዚያ ምክሯን ቀጠለች። ምግቧ ውስጥ ጨው አይግባ። መድኃኒቱን ጠዋት ምግብ በልታ ትውሰድ። ሐኪም ሳያዝዝ በምንም ምክንያት እንዳይቋረጥ። ሳል ያለበት ሰው አጠገቧ አይተኛ። መድኃኒቱ ራሱ ውሎ አድሮ ጉንጭ ስለሚሞላና ስለሚያስርብ ፊቷን አይቼ እንዳልፈርድ። የምፈርደው በሽንቷ ነው። መመርመሪያው ወረቀት እኛ አገር የማይገኝ ከሆነ ማፍላት እችላለሁ፤ የጠዋት ሽንቷን በመስታወት ቱቦ አድርጌ የላይኛውን ክፍል እሳት ላይ ማሞቅ፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ አቼቶ መጨመር። ጠርቶ ከቀረ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ፕሮቲን አለ ማለት ነው። "ሦስት ቀን በተከታታይ ነጭ ከሆነ ደውይልኝ" አለችኝ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ፕሮቲን በሙቀት እንደሚረጋ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ምሳሌ የምሰጠው በእንቁላል ነው። የኛ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ከስሙ በቀር ብዙ ነገር የለውም፣ የመስታወት ቱቦ ግን አቧራ ለብሶ ሞልቷል። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ወሰድኩ። ቱቦውን እሳት ላይ የምይዝበት ስላልነበረኝ የልብስ መቆንጠጫ አደረግኩለት። በየማለዳው ቡታጋዙን ለኩሼ፣ የልጄን ሽንት በቱቦ ይዤ፣ አቼቶዬን አጠገቤ አስቀምጬ እቆማለሁ። ጎረቤቴ እሳት ልትጭር መጥታ አየችኝና የመጣችበትን ሳትጭር ተመለሰች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቱቦው እንደ እርጎ ነጭ ሆነ። ከዚያ ነጩ እየሳሳ ሄደ፤ አንድ ቀን ጠዋት ጭራሹን ጠፋ። በዚያ ሰሞን ልጅቷ ሥራዋ ሽንት ቤት መመላለስ ብቻ ነበር። ውኃው ሁሉ ወጣ። ውኃው ሲሄድ ከሥሩ የቀረችውን ልጅ ግን አንዳችንም አናውቃትም ነበር። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ ክንዷ ለጣቶቼ አይሞላም፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። መድኃኒቱ ሠራ ማለት ይኼ ነው። ለካ ስትወፍር ስትከሳ ነው የከረመችው።

አማቴ ሊጠይቋት የመጡት በዚህ መሐል ነው። ደጃፉ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። በማግስቱ ማለዳ ደግሞ እኔን ቡታጋዙ አጠገብ አገኙኝ።

"ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?"

"የሷን ሽንት እየመረመርኩ ነው እማማ። ሐኪሟ ናት ያዘዘችኝ።"

"ሐኪም ነው ሽንት ቀቅይ ያለሽ?"

"አዎ እማማ።"

"እኔ የማውቀው እንዲህ ያለውን የሚያዝ ሐኪም አይደለም" አሉና አማተቡ። ወደ ጠንቋይ ሄዳለች ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣ ነበር፤ የኔ አንደበት እንኳንስ ለአማት ለዳኛም አይመለስም። ያን ቀን ግን የምቆጣበት ቦታ ውስጤ ባዶ ነበር። ቱቦውን አጥቤ ሰቀልኩት።

ከማለዳው ክፍለ ጊዜ በፊት ከቤት ስለምወጣ፣ ቁርስ አብልቶ መድኃኒቷን መስጠት የአማቴ ሆነ። ሁለት ፍሬ፣ ሦስት ፍሬ፣ የቱን ስንት እንደሆነ ደጋግሜ አሳየኋቸው፤ "እሺ" አሉኝ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቱቦው እንደገና ነጭ ሆነ። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ለሐኪሟ ደወልኩ። "መድኃኒቱን እየወሰደች ነው?" አለችኝ፤ "አዎ" አልኳት። "ይዘሻት ነይና ልያት" አለችኝ። እንቢ የሚለው ዓይነት ይሆናል ብላ እንደሰጋች ከድምጿ ገባኝ። በዚያው ሰሞን የልጄ ጉንጭ መሙላት ጀመረ። ጎረቤቶች ገብተው "እሰይ፣ ተመለሰች" አሉ። አማቴ ደግሞ ፊታቸው በርቷል። መላ ቤቱ ደስ ብሎታል፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ልጅቷን እግሯን ዘርግታ አስቀምጬ አማቴን ጠራኋቸው። "እማማ፣ መድኃኒቱን በየቀኑ እየሰጧት ነው?" አልኳቸው።

አላፈሩም፤ አልዋሹምም። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱት፤ ፍሬዎቹ ተጠራቅመው ተቋጥረዋል። "አልሰጠኋትም። እኔ እንጂ መድኃኒቱ አይደለም ያዳናት። ቅልጥም ቀቅዬ፣ ጨው ጣል አድርጌ መረቁን አጠጣኋት። ጉንጯን እስቲ እይው። በዚያ ክኒን እኮ አጥንት ብቻ አድርገሻት ነበር።"

አልተከራከርኩም። አውራ ጣታቸውን ይዤ የልጅቷ ቅልጥም ላይ አስቀመጥኩትና "ይጫኑት እማማ" አልኩ። ተጫኑ። ጣታቸውን ሲያነሱ ጎድጉዶ ቀረ። ጎንበስ ብለው አዩት። እንደገና ተጫኑ። አማቴ ዕድሜ ልካቸውን በግ ያረቡ ሴት ናቸው፤ ጉበቱን ትል የበላው በግ አገጩ ሥር ውኃ ቋጥሮ ገበያ ላይ የሰባ መስሎ እንደሚታይ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ነገሩ ሲገባቸው ከፊታቸው አየሁት።

"ውኃ ነው እንዴ?" አሉ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ውኃ ነው እማማ።"

ልጅቷን እቅፍ አድርገው አለቀሱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እንባቸውን አየሁ፤ ቀናሁባቸው። እውነቴን ነው፣ ቅናት ነው የተሰማኝ። እንዲያ ወዲያው ማልቀስ መቻል ምን ያህል ቀላል ነገር እንደሆነ አሰብኩ፤ ከዚያ ለማግስቱ የአዲስ አበባ መንገድ ልብስ መሸከፍ ጀመርኩ።

ሐኪሟ የሆነውን ስነግራት አልተቆጣችም። "እንደዚህ ብዙ አይቻለሁ" አለች። "ልጁ መክሳት ሲጀምር ቤተሰብ ይደነግጣል። አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።" መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ተጀመረ። አማቴ ወደ ዘመሮ አልተመለሱም፤ በጎቹን ለሌላው ልጃቸው አስረክበው እኛው ጋ ቀሩ። የጨው ጠባቂ ሆኑ። ለሁላችንም ያለ ጨው መሥራት ጀመሩ፤ በሶ ያለ ጨው፣ ሽሮ ያለ ጨው። እንግዳ ሲመጣ አፉ ውስጥ ያለውን ይዞ ዞር ዞር እያለ ጨው ሲፈልግ "የለም፣ እኛ ቤት እንዲህ ነው" ይሉታል። ልጅ ታሞ ቤቱ በሙሉ የታመመ መሰለ፤ ልጅቷ ግን ብቻዋን አልበላችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንደ አንድ ረጅም ጠዋት ነው የማስታውሰው። ይጠራል፤ መድኃኒቱ ይቀነሳል፤ ጉንፋን ይይዛታል፤ ነጭ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ይጨመራል። ጉንጯ እንደተባለውም በመድኃኒቱ ክብ ሆኖ ቀረ። እብጠት ይሁን መድኃኒት በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ከቱቦው በቀር የምናምነው ነገር አልነበረንም። ማለዳ ኩባያዋን ራሷ ይዛ ትመጣለች። አገጯን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፋ ታያለች። ገና ትንሽ ሲደፈርስ ከኔ በፊት የምታየው እሷ ናት።

ነጭ በሆነ ቀን እኔ ምን እንደምመስል አላውቅም ነበር። የማውቀው የማደርገውን ነው። ቱቦውን አጥባለሁ፣ ለልጆቹ ቁርስ አቀርባለሁ፣ ፀጉራቸውን እሠራለሁ፣ ትምህርት ቤት ሄጄ አስተምራለሁ፣ ፈተና አርማለሁ። ተማሪዎቼ ነገር የገባቸው አይመስለኝም። አልጮህኩም፣ ማንንም አልመታሁም፣ ሥራዬ አልተጓደለም። ሰዎች "ጠንካራ ሴት ናት" ይሉኛል። ባሌ በስልክ "እንዴት ናችሁ?" ሲለኝ "ነጭ ነው" እለዋለሁ፤ ከዚያ ስልኩን እንዘጋለን። የሚያስፈራኝን አላስብም። ኩላሊቷ ቢደክም ከዚያ በኋላ ያለውን አንድም ቀን በራሴ ውስጥ በቃላት ብዬው አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ በዙሪያው እዞራለሁ።

ባለፈው ክረምት መውጫ ሐኪሟ ቁርጡን ነገረችን። "ከዚህ በኋላ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ ጠርቶ ከቆየ መድኃኒቱን እንቀንሳለን። ካገረሸ ግን ከኩላሊቷ በመርፌ ናሙና ወስደን እናያለን፤ ምናልባት ሌላ ጠንከር ያለ መድኃኒት ያስፈልጋታል። አትዘግዪ፤ እንዳገረሸ ቶሎ ካልጀመርን ኩላሊቱ ይጎዳል።" ልጅቷ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ ሰማች። ከተመለስን በኋላ መንገዱ የተዘጋበት፣ ስልክም የጠፋበት ሰሞን ነበር። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት መድኃኒት ስለነበረ አልጨነቀኝም። ቱቦው ደግሞ ጠራ። በማግስቱም ጠራ። ጥቅምት ገብቶ፣ ጓሳ ላይ ውርጩ ማለዳ ማለዳ ሣሩን ነጭ አድርጎ፣ ገብሱ እስኪደርስ ድረስ ቱቦው ጠርቶ ቀጠለ።

የሆነ ነገር ውስጤ መላላት ጀመረ። አንድ ጠዋት ወጥ ሳማስል ስዘፍን ራሴን ሰማሁ። አማቴ ከጓዳ ብቅ ብለው አዩኝና ተመለሱ። ከልጆቹ ጋር አልጋ ላይ እየተንከባለልኩ መጫወት ጀመርኩ፤ ትንሿ ልጄ አራት ዓመቷ ነው፣ እንደዚያ ስጫወት አይታኝ ስለማታውቅ መጀመሪያ ፈርታ አለቀሰች። ትልቋ ግን ካጠገቤ አትለይም። ወጥ ቤት ስሄድ ትከተለኛለች፣ ስቀመጥ ትደገፈኛለች። ቀጠሮው ሲደርስ መንገዱም ተከፈተ። ይቺ ልጅ ልትድን ነው ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ።

ለጉዞው ዋዜማ የክት ጫማዋን ልለካላት ስል እግሯ አልገባ አለ። አደገች ብዬ ገፋ አደረግኩት። አልገባም። ካልሲዋን አወለቅኩና ጣቴን ቅልጥሟ ላይ ጫንኩ። ጎደጎደ። የዚያን ቀን ጠዋት ቱቦው እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ነበር። ቁጭ ብዬ አቼቶው ተበላሽቶ ይሆን አልኩ፤ እሳቱ አንሶ ይሆን አልኩ፤ የኬሚስትሪ መምህርት አይደለሁ፣ ምክንያት አላጣሁም። ልጅቷ አላየችኝም። ጫማዋን እያየች ነበር።

በማግስቱ ጉዞውን ለአንድ ቀን አስተላልፌ፣ ኩባያው እስኪመጣ አልጠበቅኩም። ገና ጎህ ሲቀድ ተነስቼ በጓሮ በር ወጣሁ። ውርጭ ነበር። ሁለቱ ልጆቼ ከቤቱ ጀርባ ናቸው። ትንሿ ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ ብላለች፤ ትልቋ ኩባያውን ከሥሯ ይዛላት "ቶሎ በይ፣ እማዬ ትነሳለች" ትላታለች። ትንሿ በብርድ ትንቀጠቀጣለች። በእነዚያ በጠሩት ጠዋቶች ሁሉ እሳት ላይ አድርጌ ያየሁት የጤነኛዋን ልጄን ሽንት ነበር።

አልጮህኩም። ትንሿን ለአያቷ አስገባሁ። ትልቋን ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ አጠገቤ አስቀምጬ በጋቢዬ ሸፈንኳት።

"መርፌውን ፈርተሽ ነው አይደል?" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ አይደለም።

"አዲስ አበባ መሄዱ ሰልችቶሽ ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድነው የኔ ልጅ?"

ያበጠ ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ አየችኝ። "ነጭ ሲሆን አንቺ ትሄጃለሽ" አለች።

"የት እሄዳለሁ? እዚሁ ነኝ እኮ። ቁርስ የማበላሽ እኔ አይደለሁ? ፀጉርሽን የምሠራሽ?"

"እዚሁ ሆነሽ ነው የምትሄጂው።" ጋቢውን ወደ አገጯ ሳበችና "ሲጠራ ትመጫለሽ" አለች።

ቀዝቃዛ ነበር። ድንጋዩም፣ እጄም። ጠንካራ ሴት የተባልኩባቸው ቀናት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ። ልጄ የታመመ ኩላሊቷን ይዛ እኔን ስታስታምም ኖራለች።

ገባን። ኩባያዋን ሰጠኋት፤ የራሷን ሞልታ አመጣች። ቡታጋዙን ለኮስኩ፣ ቱቦውን ያዝኩ። እንደ ወትሮዋ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ሽንቱ ገና ሳይፈላ ነጣ፤ አቼቶውን ስጨምር ይበልጥ ረጋ። ቀና ስል ቱቦውን አይደለም የምታየው፤ ፊቴን ነው። ዓይኗን አልነቅል አለች። ያ የለመድኩት ቅዝቃዜ ከእግሬ ጀምሮ ሲመጣብኝ ተሰማኝ፤ እጄ ቱቦውን ሊያጥብ ተነሳ። እንዲያጥብ አልፈቀድኩለትም። ቱቦውን እዚያው አስቀምጬ ከጎኗ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ነጭ ነው" አልኳት። ድምፄ ተሰበረ። "በጣም ፈርቻለሁ።"

ጋቢዬን ገልጣ ገባች፤ እጇን አንገቴ ላይ ጠመጠመች።

"እኔም" አለችኝ።